የሰይድ ሰደርያ

እኔ ቆለኛ ነኝ። የተወለድኩት ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ቀወት ውስጥ፣ ሰው በታኅሣሥ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት የማሽላ አገር ነው። ብርድ የሚባለውን ነገር በወጉ የተዋወቅሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ጣርማ በር አናት ላይ የመንገድ ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚያ ብርድ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ስለደረሰብኝ ነገር ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ይዤው ኖሬያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ መያዙ ደከመኝ።

ስሜ ደምሴ ነው። ያኔ እናትም አባትም አልነበሩኝም። የነበረችኝ በአምስት ዓመት የምታንሰኝ እህቴ የሺ ናት። የሺን ማጀቴ ከሚባለው አገር ደህና ቤተሰብ ጠይቋት ነበር። እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ ልከው፣ ዘር ቆጥረው፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ «ቁምጥና የለባቸውም ወይ?» ብለው አጣርተው ነው ነገሩን የጨረሱት። አጎታችን ምሎ «ንጹሕ ነን» አለ። ሠርጉ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን እንዲሆን ተቆረጠ። አባት ስለሌላት ከቤት ስትወጣ ጉልበት የምትስመው የእኔን፣ መርቄ የምሸኛትም እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ደግሞ ማሽላችንን ወፍ ጨርሶብን ስለነበር የድግሱን ወጪ ፍለጋ ሠራተኛ የሚለቅም መኪና ሮቢት ሲመጣ ቀድሜ ተሳፈርኩ።

የተሳፈርነው በስስ ሸሚዝ ነው። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ጨርሰን ተራራውን የሚበሳው የመኪና ዋሻ አጠገብ ስንወርድ እርስ በርስ መነጋገር እንኳ አቅቶን ነበር። ሥራችን ክረምቱ የናደውን የመንገድ ዳር ግንብ መካብና ቦይ መጥረግ ነው። ንፋሱ ከገደሉ ሥር እየተነሳ ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው፤ ጀርባህን ብታዞርም በእግርህ በኩል ይገባል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይቀመጣል፣ የአካፋው ብረት መዳፍ ላይ ይጣበቃል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ጉሙ ገለጥ ሲል የገዛ አገራችንን ቁልቁል ማየታችን ነበር። ይፋት ፀሐይ ላይ እንደ ተሰጣ እህል ተዘርግቶ ይታያል። እዚያ ሰው ላብ እየጠረገ ነው፣ እኛ እዚህ ጥርሳችን ይንገጫገጫል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት የቆላ ሰዎች ሥራውን ጥለው በእግራቸው ወረዱ። እኔም ሁለት ጊዜ አስቤ የሺ ትዝ ስትለኝ ተውኩት።

ያቆየን ሰይድ ነው። ሰይድ የአርጎባ ሰው ነው፤ ሮቢት ገበያ ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሥር ሆኖ ስፌት ተምሯል። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎም የሚቀልድ ሰው ነበር። ከመኪና ላይ ተቀዶ ከተጣለ ሸራ ሰደርያ ሰፋልን። ሸራው ድርብ ነው፣ ውስጡ በፍየል ቆዳ ተለብጧል፣ ከጀርባ ሁለት ኪስ፣ ከግራና ከቀኝ ጎን ደግሞ አንድ አንድ ኪስ አለው። ጠዋት ከሚነደው እሳት ውስጥ መዳፍ የሚያክል ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ይወጣል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ከላይ ኮት ያለው ኮቱን፣ የሌለው ጆንያውን ይደርባል። ድንጋዩ እስከ ረፋድ ያሞቃል፤ ለእረፍት ስንቆም በሌላ ትኩስ ይለወጣል።

ድንጋዩን የሚመርጠው ራሱ ሰይድ ነበር። የወንዝ ድንጋይ ያመጣ ሰው ይቆጣዋል፤ ውሃ ስለጠጣ እሳት ውስጥ ይፈነዳል እያለ። ሰደርያውን እኛ «ምድጃ» አልነው። ጠዋት ጠዋት ሰላምታችን «ምድጃህን ለበስክ?» ሆነ። መጀመሪያ የሳቁብን ደገኞች ሳምንት ሳይሞላ «ለእኛም ስፋልን» ብለው ሰይድን መለማመጥ ጀመሩ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስና፣ እኔ በዚያ ካምፕ ስም አውጥቼ ነበር። ሌላው ሰው ድንጋዩን ከእሳት በተጠማዘዘ ብረት ሲያወጣ እኔ በግራ እጄ አፈፍ አድርጌ አነሳው ነበር። ሌላው ሁለትና ሦስት ጊዜ በጨርቅ ሲጠቀልል እኔ እንዲሁ ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር። ካቦአችን ጋሼ ንጉሤ፣ ሸምገል ያሉ የመንዝ ሰው፣ «እሳቱ» ብለው ስም አወጡልኝ። ከዚያ ወዲህ «እሳቱን ጥሩት»፣ «ድንጋዩን እሳቱ ያውጣ» ሆነ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። አባቴ ጠንካራ ሰው ነበርና እሱን መስዬ ነው ብዬ አሰብኩ። ግራ ጎኔ ላይ፣ ከጎድኔ በታች፣ ከዓመት በፊት የወጣች ነጣ ያለች ነገር ነበረች፤ ቋቁቻ ናት ብዬ ትቻታለሁ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶችም አንዳንዴ ይደነዝዙ ነበር። ዶማ የሚይዝ ሰው ጣቱ ቢደነዝዝ፣ መዳፉ ውሃ ቢቋጥር ምን ይገርማል?

ነገሩ የሆነው ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ብርዱ ከወትሮው የባሰ ነበርና ድንጋዩን አብዝተን አጋልነው። የእኔ ሰደርያ የግራ ኪሱ ቆዳ አልቆ ሸራው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰይድ በዋዜማው «አምጣው ልጣፍልህ» ብሎኝ እኔ «ለእኔ ይበቃኛል» ብዬ ተኩራርቻለሁ። ድንጋዬን ከተትኩ፣ ጆንያዬን ደረብኩ፣ ቦይ ውስጥ ገብቼ መቆፈር ያዝኩ። ጎንበስ ስል ድንጋዩ ወደ ጎኔ ይጠጋል። ሙቀቱ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል፣ ደስ ይለኛል፣ እቆፍራለሁ።

ለእረፍት ስንሰበሰብ ታደሰ የሚባል የማጀቴ ሰው አፍንጫውን ወደ ላይ አደረገ። ታደሰ ለየሺ እጮኛ የአጎት ልጅ ነው፤ በእሱ ፊት ሁልጊዜ ጨዋ ለመሆን እጥር ነበር።

«በጾም ማነው ሥጋ የሚጠብሰው?» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። አንዱ «ሰይድ ይሆናል፣ እሱ አይጾም» ሲል ሳቁ በረታ። እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ማሽላ እያረረ ይስቃል ይባላል፤ እኔ ግን ማረሬንም አላወቅሁም። ሽታው ከእኔ ነበር የሚመጣው።

መጀመሪያ ያየው ሰይድ ነው። ዓይኑ ጎኔ ላይ አረፈ፣ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ክንዴን ይዞ ከግንቡ ጀርባ ወሰደኝ። ጆንያውን አነሳ፣ ሰደርያውን ፈታ። ሸሚዜ ጠቁሮ ገላዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ቀስ ብሎ ሲያላቅቀው ቆዳዬም አብሮ ተነሳ። ቁልቁል አየሁ። መዳፍ የሚያክል ቦታ ዳር ዳሩ ቀልቶ፣ መካከሉ ነጭ ሆኖ፣ አንዳንድ ቦታ ውሃ ቋጥሮ ነበር። የሌላ ሰው ገላ የማይ ነው የመሰለኝ።

«አያምህም?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት፤ ያን ጊዜም ትንሽ ኩራት ነበረብኝ መሰለኝ።

ሰይድ ቁጢጥ አለና መሬት መሬት አየ። ከዚያ የአክስቱን ነገር ነገረኝ። አክስቱ እግሯን ምድጃ ላይ ጥላ ጨዋታ ስትጫወት፣ ተረከዟ ሲቃጠል ሽታው እንጂ ሕመሙ አልተሰማትም። የበሽታውን ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ በእኛ አገር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በጣም ተናደድኩ። ትከሻውን ይዤ ገፋሁትና «ስለ ዘሬ እንዳትናገር» አልኩት። እሱ ግን ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና «ደብረ ሲና ክሊኒክ አለ። አሁን ሂድ። ለካቦው ሳል ይዞታል እላለሁ» አለኝ።

እንዳለውም አደረገ። ጋሼ ንጉሤም «በጊዜ ተመለስ» ብለው ለቀቁኝ። ቁልቁለቱን በእግሬ ስወርድ ግራ ጎኔን በእጄ እየደገፍኩ ነበር። የሚያመኝ መስዬ ለመታየት ነው። ማን ያየኛል ብዬ እንደሆነ እንጃ፤ መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ድሬሰር ነው፤ አገሩ በሙሉ ግን ዶክተር ይለዋል። ወጣት ነበር፣ ዓይኑ ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስላል። ቁስሉን አጠበ። ሲያጥብ ፊቴን ያይ ነበር። ከዚያ በሩን ዘጋና ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘኝ። በጥጥ ጫፍ በተለያየ ቦታ እንደሚነካኝና ሲሰማኝ «አዎ» እንድል ነገረኝ።

እዚህ ላይ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ላታልለው ሞከርኩ። እንደ ተማሪ ፈተና ማለፍ ነው የፈለግሁት። ካለፍኩ የሺ ታገባለች፣ ከወደቅሁ ትቀራለች፤ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይኸው ብቻ ነው። ክንዴን ሲነካኝ ተሰማኝና «አዎ» አልኩ። ደረቴን ሲነካኝም «አዎ» አልኩ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። እየነካኝ መሆን አለበት ብዬ ገመትኩና «አዎ» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «አዎ»። ደግሞ «አዎ»።

«ዓይንህን ግለጥ» አለኝ። ጥጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ወንድሜ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስቱ አልነካሁህም።»

ይናደዳል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠና በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። ሥጋ ደዌ ነው አለ። በዘር የሚወረድ እንዳልሆነ፣ እርግማንም እንዳልሆነ፣ ክኒን እንዳለው ነገረኝ። ክኒኑን የጀመረ ሰው ለሌላው እንደማያስፈራ፣ ለዓመታት ግን ሳያቋርጡ መዋጥ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አለ፣ ደብዳቤ ጽፌ እሰጥሃለሁ አለ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋጋና ሁለቱ ላይ ቆም አለ።

«እህቴን ልድር ነው፣ ዶክተር» አልኩት። «ጥምቀት ይለፍና ልሂድ።»

«ቁስልህ ከፍቷል፤ እጅህም ጊዜ የለውም። አስሬ አልወስድህም። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ደብዳቤውን በደረት ኪሴ ይዤ ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። ድካም ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የእግር ድካም አልነበረም። ዘር አይደለም ያለኝን ሰው አምኜዋለሁ፤ ነገር ግን እሱ አንድ ድሬሰር ነው፣ ማጀቴ ያሉት ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። አንድ ቃል ብትወጣ የየሺ ነገር በዚያው ያበቃል። ሌላ ጠያቂም አይመጣላትም። እስክትሸብት ድረስ «የቆማጣው እህት» ትባላለች። ካምፕ ስደርስ ሰይድ ፊቴን አየ። ቂጣውን ከፍሎ ሰጠኝ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት እሳቱ ዙሪያ ቆመናል። ድንጋዩ ግሏል። እኔ እንደ ወትሮው እጄን አልሰደድኩም፤ ብረቱን ፈልጌ አነሳሁ። ይህቺው ናት ያጋለጠችኝ። ታደሰ ከማዶ ያየኝ ነበር።

«እሳቱ ዛሬ በእጁ አያወጣም?» አለ።

ማንም አልሳቀም። ታደሰ ከዚያ ቀጠለ። ትናንት የኔ ገላ ሲቃጠል ሁሉም አሽትቷል፣ ሰይድ ሲወስደኝ ሽታውም አብሮኝ ሄዷል፣ እኔ ግን ቆሜ ስስቅ ነበር አለ። ሌሊቱን ሲያስበው እንዳደረ፣ ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ዝም እንደሚል፣ ነገር ግን የአጎቱ ልጅ ከዚህ ቤት ሊጋባ እንደሆነ ተናገረ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም አፍሮ ነበር። ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ጋሼ ንጉሤን እያየ ነው የሚናገረው።

«ዓይኑን ይጨፍንና ድንጋዩን ጎኑ ላይ እናስጠጋ። ከተሰማው እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልተሰማው ግን፣ ጋሼ፣ አንቱም ታውቁታላችሁ።»

ጋሼ ንጉሤ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። ሃያ የምንሆን ሰዎች ነን። በቀኜና በግራዬ የቆሙት ሁለቱ ሰዎች ሳያስቡት አንድ አንድ እርምጃ ሲርቁ አየሁ። ትናንት ላታልል ሞክሬ የወደቅሁበትን ፈተና ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ልፈተነው ነው። ጆንያዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

ሰይድ ነው በመካከል የገባው። ቸኩሎ አልነበረም፤ ሁልጊዜም እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ መጣና ከእጄ ላይ ብረቱን ወሰደ።

«ታደሰ፣ ብርድ የገባበት ገላ ምን ይሰማዋል?» አለ። «እናንተ ከማጀቴ ትንሽ ብርድ ለምዳችሁ መጥታችኋል። እኛ የቀወት ሰዎች ገላችን ደንዝዟል። እኔም አይሰማኝም።»

ድንጋይ አወጣ። ሸሚዙን ገልጦ ግራ ጎኑ ላይ አደረገው። በጨርቅ አልጠቀለለውም። በክርኑ ጫን አድርጎ ያዘውና ቆመ።

ድምፁን ሰምቻለሁ። ውሃ የነካው ምጣድ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር። ሰይድ ፊቱን ወደ ታደሰ አዙሮ ማጀቴ ዘንድሮ ማሽላው እንዴት ነው ብሎ ጠየቀው። ሰይድ ወሬውን ቀጠለ። የእኛን ወፍ ጨርሶታል፣ የእናንተን ግን ዳገቱ ያድነዋል ይባላል፣ እውነት ነው? አለ። ድምፁ ትንሽም አልተንቀጠቀጠም። ውርጭ ላይ ቆመን ሳለ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ። ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ከሁሉ ቅርብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ሽታው መጣ። ትናንት የሳቅንበት ሽታ ነው።

«እኔም ቁምጥና አለብኝ በላ» አለ ሰይድ።

ታደሰ አንገቱን ደፋ። «ተው፣ ይበቃል። ብርድ ነው» አለ። ሰይድ ክርኑን ላላ አደረገ፣ ድንጋዩ ወደቀ። ሸሚዙን መለሰ። ጋሼ ንጉሤ ሁለታችንንም ለረጅም ጊዜ አዩን። ምን እንደገባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ «በሉ፣ ወደ ሥራ» አሉ። ታደሰ መጥቶ ጉልበቴን ለመሳም ጎንበስ ሲል በሁለት እጄ ይዤ አነሳሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ሰይድ እስከ ቀትር የግንብ ድንጋይ ሲያቀብል አረፈደ። ጠጋ ስለው በዓይኑ ያባርረኛል። ለምሳ ስንበተን ከግንቡ ጀርባ አገኘሁት። ግንቡን ተደግፎ ያለቅስ ነበር፤ እንደ ሕፃን፣ ድምፅ ሳያሰማ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲያለቅስ አላየሁትም።

«ለምን አደረግኸው?» አልኩት።

«የሺ ምን አጠፋች?» አለኝ። እህቴን አንድ ቀን እንኳ አይቷት አያውቅም። ስሟን የሚያውቀው ከእኔ አፍ ነው። ትንሽ አረፈና «አሁን ዛሬውኑ ሂድ። እዚህ ከቆየህ ሌላ ቀን ደግሞ ይፈትኑሃል። እኔ ወላሂ የቀረኝ አንድ ጎን ነው» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ጎኑን ያዘ።

ስለ ሠርጉ ስጠይቀው አስቦበት ነበር። ታደሰ ሠርጉ ላይ አለ። እኔ ብሄድ ሰው ያቅፈኛል፣ ያስጨፍረኛል፣ ልብስ ያስለውጠኛል፤ አንድ ሰው ፋሻውን ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ እሱ ይሄዳል። ያጠራቀምኩትን ገንዘብና ለየሺ የገዛሁትን ቀሚስ ያደርሳል፣ «ካቦው ወደ ሌላ መንገድ ልኮት ከለከለው» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ሰይድ ሰደርያውን ከላዬ ላይ አስወልቆ አስቀረው። «ከእንግዲህ ይሄን እንዳትለብስ» አለኝ።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ከዓመት በላይ ተኛሁ። ክኒኑን ለዓመታት ዋጥኩ። ዳንኩ። ሁለት ጣቶቼ ታጥፈው ቀሩ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ድንጋይ ወደቀብኝ እላለሁ። ወደ ሮቢት ተመለስኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። የሺም በደንብ ኖረች፤ ባሏ ደግ ሰው ነበር። እኔን ግን ይቅር አላለችኝም። ጉልበት የሳመችው የአጎቷን ነው። በየዓመት በዓሉ ቤቴ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትመርቃለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች። «ለአንዳንድ ሰው ከእህቱ ሥራው ይበልጥበታል» ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ስለ እሷ ትዳር ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ሴት ልጆቿ ደረሱ፤ ለእነሱም ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ ይመጣ ነበርና ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ዝምታውን ለመድኩት።

አንባቢዎች ሆይ፣ ሰይድና እኔ ያደረግነው ትክክል ነው ብዬ አልከራከርም። ታደሰ መጠየቁ ክፋት አልነበረም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። ያጠፋነው ሁላችንም ነን፤ በሽታን ከዘር፣ ዘርን ከበሽታ አገናኝተን የኖርነው። እኔን የለወጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ወር ሙሉ ሕመም ስላልተሰማኝ ጀግና ተብዬ ደረቴን ነፍቼ ዞሬያለሁ። ጀግንነት እንዳይደለ ያወቅሁት ሁሉም ነገር የሚሰማው ሰው ድንጋዩን ይዞ ስለ ማሽላ ሲያወራ ባየሁ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «እኔን አያመኝም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አላደንቀውም። ልብሱን ገልጬ ማየት ነው የሚያምረኝ። እናንተም በጎናችሁ ያለው ሰው እንዲህ ቢላችሁ አትሳቁለት።

ሰይድ አምና አረፈ። ቀብሩ ላይ ታላቅ ልጁ ለብቻዬ ወሰደኝ። አባቱን ሲያጥቡ ግራ ጎኑ ላይ ትልቅ ጠባሳ አይተዋል። ለሚስቱም ለልጆቹም ጣርማ በር ላይ ድንጋይ አቃጥሎኝ ነው ከማለት በቀር ነገሩን አልነገራቸውም። «አንቱ አብራችሁት ሠርታችኋል፣ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። እኔም፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ መቃብር ዳር፣ «ድንጋይ አቃጥሎት ነው» አልኩት። ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስኩም። ሰውዬው ምሥጢሬን እስከ መቃብር ጠበቀልኝ፤ እኔ ግን ለልጁ እንኳ እውነቱን መንገር አቃተኝ። በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ለልጁ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ወደ የሺ ሄድኩ።

የሺ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። የታጠፉ ጣቶቼን ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሰይድ እኮ በሠርጌ ዕለት ቆሞ ነው የዋለ» አለችኝ በመጨረሻ። «ለእስላሞቹ ዳስ ለብቻ ተጥሎላቸው፣ የራሳቸው ሰው አርዶላቸው፣ ቁጭ በል ብለን ብንለምነው እንቢ አለ። የዳሱን ምሰሶ ይዞ ቆሞ ዋለ። ናቀን ብለን አማነው። እኔም ናቀን ብያለሁ፣ ደምሴ። ሙሽራ ሆኜ ተቀምጬ ሰውዬውን አምቼዋለሁ።»

«ጎኑ ገና አልሻረም ነበር፤ መቀመጥ አልቻለም» አልኳት።

«የት ነው የተቀበረው?» አለች።

ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ዱላዋን ፈለገች። መንገዱ ዳገት ነው፣ ጉልበትሽ አይችለውም፣ ልጆቹ መኪና ይፈልጉልሽና ሌላ ቀን እንሄዳለን አልኳት።

«እሱ ቆሞ ውሎልኛል» አለችኝና ተነሳች።